የሸሪዓ አተረጓጎምና የፖለቲካ ዓላማ፦ ከድርቡሽ ዘመን የምናገኘው ትምህርት



የሃይማኖት ስም የያዘ የፖለቲካ እንቅስቃሴ ሰይፍ ሲመዝ፣ «ሃይማኖታቸው ያዘዛቸው ነው» ብሎ መደምደም ይቀናል። እኛ ግን ነገሩን ከማክሰኝት ሳንርቅ በጎንደር ከደረሰው ተነሥተን እንመርምር።

በእስልምና ሕግ ሊቃውንቱ ቁርኣንንና ሐዲስን መሠረት አድርገው፣ ከአራቱ የሕግ ትምህርት ቤቶች የአንዱን ፈለግ ተከትለው ብያኔ ይሰጣሉ። በሱነን አቡ ዳውድ የተመዘገበ አንድ ሐዲስ፣ ሐበሾች ሙስሊሞችን እስካልነኩ ድረስ እንዳይነኩ ያዝዛል።

በሱዳን መሐመድ አሕመድ በ1873 ዓ.ም. ራሱን መሐዲ ብሎ ካወጀ በኋላ ሦስት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ አራቱን የሕግ ትምህርት ቤቶች ሻረ። ሁለተኛ፣ መሐዲነቱን ያልተቀበለውን ሙስሊም ከሓዲ አለው፤ ይህም ተክፊር ይባላል። ሦስተኛ፣ በራእይ ተቀበልሁ ያለውን ቃል ከሊቃውንት ምርምር በላይ አደረገ። በዚህም ፍርዱ ከብዙዎች ክርክር ወጥቶ በአንድ ሰው እጅ ገባ።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1879 ዓ.ም. መተማን በወጉ ጊዜ፣ የመሐዲው ተተኪ ኸሊፋ አብዱላሂ «እስካልነኩ» የሚለውን ቃል ያዘ። ሐበሾች ወሰን ጥሰዋልና ትእዛዙ አያግደንም አለ፤ ለዘመቻውም የነቢዩን ፈቃድ በራእይ እንዳገኘ ገለጸ። በጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሽ በሳር ውሃ ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጠለ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ቆስለው ሞቱ።

እንግዲህ ሐዲሱ ያው ነው፤ የተለወጠው የተርጓሚው ዓላማ ነው። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ክርስቲያን ወገኖቻችንን የገደለው ቡድንም ስለ ጂዝያ ግብር የሚናገረውን ሕግ ምክንያት አድርጎ አቅርቧል፤ ሙስሊም ኢትዮጵያውያን ግን ድርጊቱን አውግዘው አብረውን አልቅሰዋል።

የራሳችንንም ወገን ታሪክ አንሸፍን። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ብዙ የወሎ ሙስሊሞች በግድ እንዲጠመቁ ተደርገዋል። 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1958 ዓ.ም. ማንም ሰው በእምነቱ እንዳይገደድ ያስተማረው፣ ሙስሊሞችንም በአክብሮት እንድንመለከት ያዘዘው ለእኛም ነው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ እንዲህ ያለ ብያኔ ስትሰሙ ሦስት ጥያቄ አስተምሩ፦ ቃሉን የተረጎመው ማን ነው? ሥልጣኑን ከየት አገኘ? ከፍርዱስ የሚጠቀመው ማን ነው? ይህን የሚጠይቅ ምእመን ታጣቂውን ከጎረቤቱ ለይቶ ያውቃል፤ በጎረቤቱም ላይ በሐሰት አይመሰክርም።