አንድ መደብ ለብዙ እጅ፦ የትምህርት ቤት አትክልት ስፍራ ስለ ኅብረት ሥራ የሚያስተምረው

ልጆቻችን ከሚማሩባቸው የውጭ አገር ትምህርት ቤቶች ጥቂት የማይባሉት በግቢያቸው ውስጥ አነስተኛ የአትክልት ስፍራ አላቸው። በፀደይ ወራት ተማሪው ከክፍሉ ወጥቶ አፈር ይቆፍራል፥ ዘር ይዘራል፥ አረም ይነቅላል፤ ወደ ቤቱም ጫማው ጭቃ ነክቶት ይመለሳል። ከወላጆች መካከል ይህን በደስታ የሚቀበሉ አሉ፤ «ልጄን ወደ ትምህርት ቤት የላክሁት ዶማ እንዲይዝ አይደለም» የሚሉም አሉ። ቅሬታው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ከበስተኋላው ሁለት ነገሮች አሉና። አንደኛው፥ ለልጆቹ የተሻለ ኑሮ ሲል አገሩን ትቶ የወጣ ሰው ድካም ነው። ሁለተኛው ግን ከአገራችን ይዘነው የመጣነው የእጅ ሥራ ንቀት ነው። «ገበሬ» የሚለውን የተከበረ የሙያ ስም ለስድብ የምንጠቀም፥ ሸማኔውን፥ አንጥረኛውንና ሸክላ ሠሪዋን ስናቃልል የኖርን መሆናችን አይካድም።

በዚህ ጽሑፍ የትምህርት ቤት አትክልት ስፍራ ሐሳብ ከየት እንደ መጣ፥ ልጆችን ተባብሮ መሥራትን በምን መንገድ እንደሚያስተምር፥ እኛም ከአገራችን ልማድ ምን ልንጨምርበት እንደምንችል በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

የሐሳቡ አመጣጥ

ነገሩ የትናንት ፈጠራ አይደለም። የሞራቪያው የትምህርት ሊቅ ኮሜኒዩስ (1592–1670 እ.ኤ.አ.) «ታላቁ የማስተማር ጥበብ» በተባለው መጽሐፉ ትምህርት ቤት ሁሉ በአጠገቡ የአትክልት ስፍራ እንዲኖረው መክሮ ነበር። ይሁን እንጂ የኮሜኒዩስ አሳብ ይበልጡን ያተኮረው ተማሪው ዐይኑን በዛፍና በአበባ እንዲያሳርፍ ነው። አትክልቱን የአብሮ መኖር ትምህርት ያደረገው ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሬበል (1782–1852 እ.ኤ.አ.) ነው። ፍሬበል በ1837 እ.ኤ.አ. ብላንከንቡርግ በተባለች ከተማ የሕፃናት ማስተማሪያ ከፈተ፤ በ1840 እ.ኤ.አ. «ኪንደርጋርተን» የሚለውን ስም አወጣለት። ትርጓሜውም «የሕፃናት አትክልት» ማለት ነው። ዛሬ ቃሉን ሁላችንም እንጠቀምበታለን፤ በውስጡ እውነተኛ መደብና እውነተኛ አፈር እንደ ነበረበት የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

የፍሬበል አትክልት አሠራር ልብ ሊባል ይገባል። በመካከል ለእያንዳንዱ ሕፃን የግሉ የሆነ ትንሽ መደብ ይሰጠዋል። በዚያ ላይ የወደደውን ይዘራል፤ ቢያለማ የእርሱ ነው፥ ቢያጠፋም የእርሱ ነው። በእነዚህ የግል መደቦች ዙሪያ ደግሞ ሁሉም በኅብረት የሚያለሙት የጋራ መደብ ይከባል። ፍሬበል እንዲህ ማድረጉ የጋራው የግሉን ከቦ እንደሚጠብቀው ልጁ በዐይኑ አይቶ እንዲረዳ ነው። ኅብረት ማለት የግለሰብን ድርሻ ደምስሶ ሁሉን አንድ ማድረግ እንዳልሆነ፥ ግለሰብም ያለ ኅብረት አጥር እንደማይጸና በአንድ ሥዕል ተገልጦ እናገኘዋለን።

በአሜሪካም በ1891 እ.ኤ.አ. በቦስተን ከተማ በሮክስበሪ ሰፈር፥ በ1902 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኒው ዮርክ ከተማ በማንሃታን የተማሪዎች አትክልት ተጀመረ። የኒው ዮርኩን የመሠረቱት ፋኒ ግሪስኮም ፓርሰንስ የተባሉ ሴት ሲሆኑ፥ ዋና ዓላማቸው አትክልት ማምረት ሳይሆን በሕዝብ ንብረት የመጠንቀቅን፥ የሐቀኝነትንና ራስን የመግዛትን ጠባይ በልጆች ማሳደር ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት «የትምህርት ቤት አትክልት ሠራዊት» የተባለ ድርጅት አቋቁሞ ልጆችን በጦር ሠራዊት አምሳል፥ አለቆቻቸውን ከመካከላቸው እየሾመ አደራጅቷል። በዘመናችን ደግሞ በ1995 እ.ኤ.አ. አሊስ ዋተርስ የተባሉ የምግብ ቤት ባለቤት በካሊፎርንያ በበርክሊ ከተማ፥ በማርቲን ሉተር ኪንግ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ አስፋልት በነበረ አንድ ኤከር ያህል መሬት ላይ የጀመሩት ሥራ ለብዙዎች አርአያ ሆኗል። በዚያ ተማሪዎች ሥራውን የሚጀምሩት ክብ ሠርተው ቆመው፥ የዕለቱን ተግባር ሰምተውና በየቡድኑ ተከፋፍለው ነው። ያመረቱትንም ወንዱም ሴቷም በኅብረት አብስለው በአንድ ማዕድ ይመገባሉ።

ልጄ ለምን ዶማ ያዘ ለሚለው ወላጅ መልስ ከሰጡት አንዱ አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊ ናቸው። በ1916 እ.ኤ.አ. «ዴሞክራሲና ትምህርት» በተባለው መጽሐፋቸው እንዳስረዱት፥ አትክልት ሥራ በትምህርት ቤት የሚሰጠው ልጁን አትክልተኛ ለማድረግ ወይም ጊዜውን በቀልድ ለማሳለፍ አይደለም። እርሻ በሰው ልጅ ታሪክና በማኅበራዊ ኑሮ ያለውን ስፍራ ለመረዳት፥ ወደ አፈር፥ ወደ ብርሃንና ወደ ዕፀዋት ሕይወት ምርምርም ለመግባት በር ስለሚሆን ነው።

አፈሩ እንዴት ያስተምራል

ልጆችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ ብቻ ተባብሮ መሥራትን አያስተምርም። አንዱ ሠርቶ ሦስቱ ስማቸውን የሚጽፉበት የቡድን ሥራ ምን እንደሚመስል ተማሪ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ይህን ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ወንድማማቾቹ ዴቪድና ሮጀር ጆንሰን፥ እውነተኛ የኅብረት ትምህርት አምስት ነገሮች እንደሚያስፈልጉት አስተምረዋል። እነርሱም፦ የአንዱ ውጤት በሌላው ውጤት ላይ መመሥረቱ፥ እያንዳንዱ በግሉ ተጠያቂ መሆኑ፥ ፊት ለፊት መረዳዳት፥ የመነጋገርና የመስማማት ችሎታ፥ በመጨረሻም ቡድኑ አሠራሩን ራሱ መመርመሩ ናቸው።

አትክልት ስፍራ እነዚህን አምስቱን በተፈጥሮው ያቀርባቸዋል። አንዱ ልጅ መደቡን በሚገባ ካላለሰለሰ የሌላው ዘር አይበቅልም፤ ሦስተኛው በተራው ውኃ ካላጠጣ የሁለቱም ድካም በአንድ ሳምንት ሐሩር ይጠፋል። የክፍል ፈተና የአንዱን ስንፍና ከሌላው ይሰውረዋል፤ የደረቀ ችግኝ ግን ማንም ሳይናገር ይመሰክራል። ደግሞም ተክል አይቸኩልም፥ በልመናም ሆነ በቁጣ አይታለልም። ራዲሽ የተባለው ሥራ ሥር በአራት ሳምንት ገደማ ሲደርስ፥ አደንጓሬ ሁለት ወር ያህል ያስጠብቃል። በብርድ አገር ነጭ ሽንኩርት በመከር ወራት ተተክሎ የሚነቀለው በሚመጣው በጋ ስለሆነ፥ የዘንድሮው ክፍል የተከለውን የሚሰበስበው የከርሞው ክፍል ሊሆን ይችላል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የራሱንና የአጵሎስን አገልግሎት በተካይና በአጠጪ መመሰሉ ለእንዲህ ያለው ሥራ የተስማማ ምሳሌ ነው።

ተክሎቹ ራሳቸውም መምህራን ናቸው። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች በቆሎን፥ አደንጓሬንና ዱባን በአንድ ጉብታ ላይ አብረው ይተክላሉ፤ «ሦስቱ እኅትማማቾች» ይሏቸዋል። የበቆሎው አገዳ ለአደንጓሬው መወጣጫ ይሆነዋል። በአደንጓሬው ሥር የሚኖሩ ረቂቃን ሕዋሳት ከአየር ናይትሮጅን እየሳቡ አፈሩን ያዳብራሉ። ዱባውም በሰፊ ቅጠሉ መሬቱን ሸፍኖ እርጥበቱን ይጠብቃል፥ አረሙንም ያፍናል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም፤ የሚጠቃቀሙትም ስለ ተለያዩ ነው። በትግራይ ገበሬዎቻችን ስንዴንና ገብስን ቀላቅለው ሲዘሩ «ሃንፈጽ» ይሉታል። ዝናም ባጠረ ዓመት አንዱ ቢያንስ ሌላው ይክሳልና፥ ይህም የዚያው ጥበብ ወንድም ነው።

ደቦ፥ ወንፈልና የውኃ አባት

እዚህ ላይ እኛ ባዶ እጃችንን የመጣን እንግዶች አይደለንም። አባቶቻችን የኅብረት ሥራን በአንድ ስም ብቻ አልጠሩትም፤ እንደየዓይነቱ ለይተው ሰይመውታል። በደቦ ባለ ሥራው ጎረቤቶቹን ይጠራል፥ ምግቡንና ጠላውን ያሰናዳል፤ የአንድ ወር ሥራ በአንድ ቀን ይወድቃል። በደቦ የዋለውን ማንም በሰዓት አይቆጥርበትም፤ በተጠራ ጊዜ አለመሄድ ግን ነውር ነው። ወንፈል ከዚህ ይለያል። ጥቂት ሰዎች ቀን በቀን፥ ጥማድ በጥማድ የሚበዳደሩበትና የሚመላለሱበት፥ ብድሩም በትክክል የሚታወቅበት ነው። በመስኖ በሚለማው አገር ደግሞ ውኃውን በተራ የሚያካፍል፥ ከተራው ውጭ የጠለፈውን የሚያስቀጣ «የውኃ አባት» ይመረጣል፤ በትግራይ «አቦ ማይ» ይባላል። በአንድነት ገዳሞቻችንም መነኮሳቱ በኅብረት ሠርተው በኅብረት ይመገባሉ።

እነዚህ ሦስቱ በትምህርት ቤቱ አትክልት ውስጥ ሦስት የተለያዩ ትምህርቶች ይሆናሉ። የመጀመሪያው ቀን ቁፋሮ ደቦ ነው፤ ተማሪው፥ ወላጁና መምህሩ አብረው ይወጣሉ፥ አብረውም ይበላሉ። አንዱ ቡድን ለሌላው የአደንጓሬ መወጣጫ ቢያቆምለትና ያኛው በሳምንቱ አረሙን ቢነቅልለት ወንፈል ነው፤ ልጁ ቃልን መጠበቅን ይማርበታል። በየሳምንቱ አንድ ተማሪ የውኃ አባት ቢሆን ደግሞ፥ ሥልጣን ማለት ተራን መጠበቅ እንጂ አስቀድሞ መጠጣት እንዳልሆነ ያውቃል።

ነገር ግን አንድ አራተኛ ስም እንዳለ መርሳት የለብንም፤ እርሱም ሁዳድ ነው። በሁዳድም ብዙ እጆች በአንድ መሬት ላይ በአንድነት ይሠሩ ነበር። ሆኖም መሬቱ የጌታው፥ አሳቡ የጌታው፥ ፍሬውም የጌታው ስለ ነበረ ኅብረት ሊባል አይችልም። መምህሩ ብቻውን የሚያቅደው፥ ተማሪው የሚታዘዝበት ብቻ የሆነ አትክልት ሁዳድ ነው። በአገራችን ትምህርት ቤቶች ያረፈደ ተማሪ ግቢ እንዲቆፍር ወይም ሣር እንዲያጭድ ሲቀጣ የኖረ ስለሆነ፥ ብዙዎቻችን ዶማን ከቅጣት ጋር አያይዘን አድገናል። የወላጆች ቅሬታ አንደኛው ሥር ምናልባት እዚህ ነው ያለው።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

የመጀመሪያው፥ አንዱ ሁሉን ልሥራ ሲል ሌሎቹ ተመልካች መሆናቸው ነው። መድኀኒቱ ቡድኑን ከአራት እስከ ስድስት ልጅ አድርጎ ሥራውን በየሳምንቱ ማፈራረቅ ነው፤ ዛሬ የቆፈረ ነገ ይመዘግባል፥ ዛሬ ያጠጣ ነገ ያርማል። ኤልየት አሮንሰን የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1971 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ በኦስቲን ከተማ፥ ነጭና ጥቁር ተማሪዎች ገና መቀላቀል በጀመሩባቸው ትምህርት ቤቶች የፈተኑት ዘዴም ይረዳል። እያንዳንዱ ልጅ የትምህርቱን አንድ ክፍል ብቻ ያጠናና ለጓደኞቹ ያስተምራል፤ አንዱ ስለ አፈር፥ አንዱ ስለ ዘር፥ አንዱ ስለ ተባይ ቢያውቅ አንዱን ንቆ ማለፍ አይቻልም። ቋንቋ ገና ያልጠነከረለት ከአገር ቤት የመጣ ልጅም የሚሰማበት ጊዜ ያገኛል።

ሁለተኛው የክረምት ዕረፍት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ትምህርት ቤት የሚዘጋው አትክልቱ ውኃ በሚሻበት በሞቃቱ ወራት ስለሆነ፥ ብዙ የተደከመበት መደብ በሁለት ወር ውስጥ አረም ይውጠዋል። ስለዚህ ከመዘጋቱ በፊት ቤተሰቦች የሳምንት ተራ ሊካፈሉ ይገባል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የፍሬው ክፍፍል ነው። እኩል ይካፈሉ? እንደ ድካማቸው ይውሰዱ? ወይስ ለሚያስፈልገው ይሰጥ? ይህ ጥያቄ ታላላቅ መንግሥታትን ያናወጠ ነው፤ ልጆች ግን በአንድ ቅርጫት ጎመን ላይ ሊወያዩበት ይችላሉ። መምህሩ ፍርዱን መስጠት የለበትም፤ ዘሩ ከመዘራቱ አስቀድሞ ራሳቸው ተነጋግረው እንዲወስኑና እንዲጽፉት ሊያደርግ ይገባል። ፍሬው ከታየ በኋላ የሚወጣ ሕግ ለጠንካራው ያደላልና።

የእኛ ድርሻ

በየቤታችን ከአገር ቤት የመጡ አያቶች አሉ። ጤና አዳምን ከበሶብላ፥ ኮሰረትን ከድንብላል በሽታው የሚለዩ፥ ዘር መቼ እንደሚጣልና ችግኝ መቼ እንደሚዛወር የሚያውቁ ሆነው ሳለ፥ በፎቅ ቤት መስኮት አጠገብ ተቀምጠው መንገድ ይመለከታሉ። ልጆቹ ቋንቋቸውን በሚገባ አይሰሙም፤ እነርሱም የልጆቹን ትምህርት ለመርዳት አይችሉም፤ በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ዓለም ይሆናል። መደብ ግን አስተርጓሚ አይሻም። አያቲቱ ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ አግብተው የዘሩን ጥልቀት ሲያሳዩ ልጁ ይረዳል፤ «ኮትኩት»፥ «አርም»፥ «አጠጣ» የሚሉትንም ቃላት ያለ መዝገበ ቃላት ይማራቸዋል። ትምህርት ቤቱ አትክልት ካለው አያቶች እንዲጋበዙ መጠየቅ ከወላጅ ይጠበቃል፤ ከሌለው አራት አባወራዎች ተባብረው አንድ ጓሮ ቢያለሙ ትምህርቱ ያው ነው።

ልጆቻችን የሚያድጉት ተወዳድሮ መብለጥ በሚመሰገንበት አገር ነው፤ መትጋታቸውን አንነቅፍም። ነገር ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ስንነግራቸው፥ ድሩ እንዴት እንደሚያብር የሚያዩበትን ስፍራ ልንነፍጋቸው አይገባም። ስለዚህ ልጁ ጭቃ የነካው ጫማ አድርጎ ሲመጣ ከመቆጣት በፊት «ዛሬ ከማን ጋር ሠራህ? የማን ተራ ነበር?» ብለን እንጠይቀው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በደቦ፥ በወንፈልና በሁዳድ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ለእያንዳንዱ ከዛሬ ኑሯችሁ ምሳሌ አምጡ።
2. ፍሬበል የግሉን መደብ በጋራው መደብ ያስከበበው ስለ ምን ነው?
3. በቡድናችሁ ውስጥ አንድ ልጅ ተራውን ባይጠብቅ የውኃ አባት የሆነው ተማሪ ምን ቢያደርግ ይገባዋል?
4. ከቤተሰባችሁ አንድ ትልቅ ሰው ስለ ደቦ የሚያስታውሱትን ጠይቃችሁ በአማርኛ ጻፉ።