ስለ አሮጌ አውቶሞቢል ፊውዝ አመራረጥ

ፊውዝ ማለት በመስተዋት ቱቦ ውስጥ የተዘረጋች ቀጭን የብረት ክር ናት። ከባትሪው የሚወጣው የኤሌክትሪክ ኀይል ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ፥ ይህች ክር ቀልጣ ትበጠሳለች፤ መንገዱም ተዘግቶ ሽቦው ከመንደድ ይድናል። ስለዚህ ፊውዝ የሚመረጠው ሽቦውን ለመጠበቅ ነው። ይህን ያልተረዳ ሾፌር፥ ፊውዝ በተቃጠለ ጊዜ ከፍ ያለውን ይተካል፤ ወይም የሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ ያገባል። መብራቱ ለጊዜው ይበራል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ የሚቀልጠው ሽቦው ራሱ ነው፤ ዘር የጫነውም መኪና ከነጭነቱ ሊነድ ይችላል።

ለምሳሌ የእንግሊዝን ላንድ ሮቨር መመልከት ይበቃል። ይህ መኪና እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. ወጣ፤ ሁለተኛው ዓይነት በ1958 ዓ.ም. ተከተለ። በዚህ በሁለተኛው ውስጥ ያሉት ፊውዞች ሁለት ብቻ ሲሆኑ፥ ልካቸው 35 አምፔር ነው።

አንደኛ፤ ቍጥሩን ስለ ማንበብ። በአሮጌው የእንግሊዝ ፊውዝ ላይ 35 ተብሎ የተጻፈው ክሩ የሚበጠስበት ልክ ነው፤ ሳያቋርጥ የሚሸከመው ግን የዚህን እኩሌታ፥ ማለት 17 አምፔር ያህል ነው። በአሜሪካ ፊውዝ ላይ የሚጻፈው ግን ሳያቋርጥ የሚሸከመው ልክ ነው። ስለዚህ በእንግሊዙ 35 ፈንታ የአሜሪካውን 35 ያገባ ሰው፥ የሽቦውን መጠበቂያ በእኩሌታ አጐደለ ማለት ነው። በርዝመትም ይለያያሉ፤ የእንግሊዙ 29 ሚሊሜትር ያህል፥ የአሜሪካው 32 ሚሊሜትር ያህል ነው። የእንግሊዙ ያልተገኘ እንደ ሆነ፥ ሳያቋርጥ 15 አምፔር የሚሸከም፥ በመያዣውም ጠብቆ የሚቀመጥ ይፈለግ።

ሁለተኛ፤ ስለ ሒሳቡ። አዲስ መብራት ሲጨመር፥ የመብራቶቹ ዋት ተደምሮ በባትሪው ቮልት ይካፈላል፤ የሚገኘውም አምፔር ነው። ባለ 55 ዋት መብራት ሁለት ቢጨመር 110 ዋት ይሆናል፤ ለ12 ቮልት ሲካፈል ከ9 አምፔር ጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ 15 አምፔር የሚሸከም ፊውዝ ይበቃል፤ ሽቦው ደግሞ ከ15 አምፔር በላይ የሚችል መሆን አለበት። ሥርዐቱ ይህ ነው፤ ፊውዙ ከሚሠራው ዕቃ ይበልጥ፥ ከሽቦው ግን ይነስ። በብዙዎቹ አሮጌ የእንግሊዝ መኪኖች የፊቱ ትልቅ መብራት ያለ ፊውዝ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ለእርሱም በዚሁ ሒሳብ ፊውዝ ማስገባት መልካም ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ መቃጠሉ ምክንያት። ፊውዝ ደጋግሞ የተቃጠለ እንደ ሆነ ጥፋቱ ከሌላ ስፍራ ነው። ልባሱ ተፍቆ የመኪናውን ብረት የነካ ሽቦ፥ ወይም ውሃ የገባበት መብራት ይፈለግ። የፊውዙ መያዣ የዛገ እንደ ሆነም ይግላል፤ ስለዚህ በአሸዋ ወረቀት ይጠረግ። ይህ ሁሉ ሲደረግ አስቀድሞ የባትሪው ሽቦ መፈታት አለበት።

መኪና በእጁ ያለ ሹም ሁሉ፥ መኪናው ወደ ሩቅ ወረዳ ከመሄዱ በፊት የፊውዙን ሣጥን አስከፍቶ ይመልከት። ብርማ ወረቀት ወይም ምስማር ያገኘ እንደ ሆነ፥ ምክንያቱ ተመርምሮ እስኪታረም ድረስ መኪናውን አያስነሣ። ሾፌሩም ልኩ የታወቀ መለዋወጫ ፊውዝ ሁልጊዜ ይያዝ።