ሐሰተኛ ማኅተም፤ መርዘኛ ማዕድናት የሰውነትን ሥርዓት እንዴት እንደሚያውኩ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በምዕራብ ጎጃም ገጠር እንቅርት የታወቀ ደዌ ነው። በአንገት ያለው ዕጢ አዮዲን ሲጎድለው መልእክተኛውን እንደሚገባ መሥራት አይችልምና ሥራውን ለመፈጸም ሲታገል ያብጣል። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ በሚሆን ጨው ላይ አዮዲን እንዲጨመር አዘዘ።

እንዲህ ያለው መልእክተኛ ሆርሞን ይባላል። ከዕጢ ወጥቶ በደም እየተጓዘ ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ይደርሳል። በዚያም ተቀባይ የሚባል በረኛ ይጠብቀዋል፤ በረኛውም ማኅተሙን ለይቶ ሲያውቅ ትእዛዙን ያስገባል። የልጅ ማደግ፣ የሴት መፅነስ፣ የአእምሮ መብሰል በዚህ ሥርዓት ይፈጸማሉ።

በእንቅርት የሚጎድለው መልእክተኛው ነው። ከባድ ማዕድናት የሚያመጡት ጉዳት ግን ከዚህ ይለያል፤ መልእክተኛው ሳይጎድል በረኛው ይታለላልና። በቤተ ሙከራ እንደ ታወቀው፣ ካድሚየም የሚባለው ማዕድን ኤስትሮጅን በተባለው የሴት ሆርሞን በረኛ ላይ ተጣብቆ፣ ሐሰተኛ ማኅተም እንደ ያዘ ሰው፣ ያልተላከ ትእዛዝ ያስፈጽማል። አርሴኒክም የኮርቲሶልን በረኛ ሥራ ያዛባል። ደግሞም ብዙ በረኞች ቅርጻቸው የሚጸናው በዚንክ ቅንጣት ነው፤ ካድሚየም ወይም እርሳስ የዚንኩን ስፍራ ሊቀማ ይችላል።

እርሳስ በአጥንት ውስጥ ለብዙ ዓመት ተከማችቶ ይኖራል፤ እናት ስታረግዝና ስታጠባም ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ልጁ ይደርሳል። ብረት የጎደለው ሰውነት እርሳስንና ካድሚየምን አብዝቶ ይስባል። ስለዚህ ልጆችንና እርጉዞችን በጤፍ፣ በጎመንና በጥራጥሬ ደኅና አድርጎ መመገብ አንዱ መከላከያ ነው።

መምህር ሆይ፣ ተማሪ የሚጽፍበት እርሳስ ስሙ ብቻ አንድ ሆኖ፣ ውስጡ ግራፋይት እንጂ መርዘኛው ማዕድን አለመሆኑን ለልጆች አስረዳ።

በየቤቱ ሊጠበቅ የሚገባው ይህ ነው። ያረጀ የመኪና ባትሪ በግቢ አይሰበር፤ እርሳሱም በምድጃ አይቅለጥ። አረቄ በመኪና ራዲያተር አይውጣ፤ የተበየደበት እርሳስ ከመጠጡ ጋር ይቀላቀላልና። ከእርሳስ ድንጋይ የተፈጨ ኩል ሕፃን አይኳል። ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ለልጅ መጫወቻ አይሰጥ፣ ወደ እሳትም አይጣል። ልጆች ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ።

ጥያቄ።
፩ኛ፤ ሆርሞን ምንድር ነው? በረኛውስ ማን ይባላል?
፪ኛ፤ የእንቅርት ጉዳትና የካድሚየም ጉዳት በምን ይለያያሉ?
፫ኛ፤ እናት በልጅነቷ የገባባት እርሳስ ልጇን እንዴት ሊያገኘው ይችላል?