ጭቃውን በትዕግሥት የዳሰሰ እጅ፦ በአርት ክሎኪ መታሰቢያ የተሰጠ ትምህርት

አርት ክሎኪ ያረፈው በ2002 ዓ.ም. ታኅሣሥ 30 ቀን፣ እኛ የልደትን በዓል ባከበርን ማግስት ነው። ዕድሜው 88 ነበር፤ በካሊፎርኒያ ሎስ ኦሶስ በምትባል ከተማ እንደ ተኛ አንቀላፋ። አሜሪካ ያደጉ ብዙ ልጆች ስሙን ባያውቁ እንኳ የእጁን ሥራ ያውቃሉ። ገምቢ የሚባለውን አረንጓዴ የጭቃ ልጅ፣ «ዴቪና ጎልያድ» የተባለውንም መንፈሳዊ የልጆች ፊልም ለቴሌቪዥን ያበጀው እርሱ ነው። ዛሬ እርሱን መነሻ አድርገን ስለ ፈጣሪና ስለ ፍጡር፣ ስለ ልጅነትና ስለ ሕሊና እንማራለን።

ከመሠረቱ እንጀምር። ሊቃውንቶቻችን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ እግዚአብሔር በስድስቱ ዕለታት 22 ፍጥረታትን በሦስት መንገድ እንደ ፈጠረ ይነግሩናል፦ 7ቱን በአርምሞ፣ 14ቱን በነቢብ፣ አንዱን በገቢር። መላእክት በዝምታ ተገኙ፤ ብርሃን በቃል ተጠራ። በገቢር የተፈጠረው ሰው ብቻ ነው። በዘፍጥረት 2፥7 እንደ ተጻፈው፣ እግዚአብሔር አፈር ወስዶ አበጀው፤ የሕይወትንም እስትንፋስ ሰጠው። ይህን ስንሰማ አምላክ እንደ እኛ የሥጋ እጅ ያለው አይምሰለን፤ እርሱ መንፈስ ነውና። ነገሩ የተነገረን ለሰው ያለውን ቅርበት እንድናውቅ ነው። ተራሮችንና ባሕሮችን በትእዛዝ ያስገኘ ጌታ ለሰው ሲሆን ወደ አፈሩ ቀረበ፤ ዳሰሰው፤ ቀረጸው። በዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የትሕትና ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ቀራጩ ከሚቀረጸው ነገር ጋር ዝቅ ማለቱን ያሳየናልና።

አሁን ወደ ክሎኪ ሥራ እንምጣ። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ስላቭኮ ቮርካፒች ከሚባል የፊልም መምህር እግር ሥር ተምሯል። በዚያ የቀሰመውን ይዞ «ገምባዝያ» የተባለች አጭር ፊልም ሠራ፤ ፊልሟ በ1955 ለሕዝብ ቀረበች (ይህና ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የጭቃ ቅርጾች ከጃዝ ሙዚቃ ጋር ሲለዋወጡ ታሳያለች እንጂ ታሪክ የላትም። ሳም ኤንግል የሚባል የሆሊውድ ፕሮዲዩሰር አይቷት ተደነቀ፤ ይህን ጥበብ ለልጆች እንዲያውለውም ክሎኪን አደፋፈረው። ገምቢ የተወለደው ከዚያ ነው፤ በ1957 በኤንቢሲ የራሱን ፕሮግራም አገኘ።

እንዲህ ያለ ፊልም እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳችሁ። ፊልም በአንድ ሴኮንድ 24 ምስሎችን ያሳልፋል። የጭቃው ልጅ አንድ እርምጃ እንዲራመድ ሠሪው እግሩን በጥቂቱ ያነሣዋል፤ እጁን ከፊቱ ያርቃል፤ በካሜራው አንድ ምስል ያነሣል። እንደገና ቀርቦ ጥቂት ይነካዋል፤ እንደገና ያርቃል። ቀኑን ሙሉ የተደከመበት ሥራ ለተመልካቹ በሴኮንዶች ያልፋል። የገምቢ እግሮች ከታች የሰፉትም ሳይወድቅ እንዲቆም ነው፤ ክሎኪ ለእያንዳንዷ ንክኪ መጨነቁን በዚህ እናያለን። ልጁ የሚያየው ገምቢ ሲሮጥ ነው። ያሯሯጠው እጅ ግን በአንዱም ምስል ላይ አይታይም።

ይህ መግቦተ እግዚአብሔርን ለማስረዳት ይረዳል። እግዚአብሔር ዓለምን ፈጥሮ አልተዋትም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጌታ እንዳስተማረን አብ እስከ አሁን ይሠራል። ፀሐይ ስትወጣ፣ ሕፃን በማኅፀን ሲያድግ፣ የሚሠራውን እጅ አናየውም፤ ሥራውን ግን እናያለን።

ይሁን እንጂ ምሳሌ ከወሰኑ ካለፈ ስሕተትን ይወልዳል፤ ስለዚህ ወሰኑን እናስምር። ገምቢ ፈቃድ የለውም፤ ወደ ወሰዱት ይሄዳል። ሰውን እግዚአብሔር ነጻ ፈቃድ ሰጥቶ ፈጥሮታል፤ አያስገድደውም። አባቶች እንደሚያስተምሩን ሰው ሰባት ባሕርያት አሉት። አራቱ የሥጋ ናቸው፦ መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስና እሳት። ሦስቱ የነፍስ ናቸው፦ ልባዊነት፣ ነባቢነትና ሕያውነት። የሰው እጅ ከመሬት ቅርጽ ማውጣት ይችላል፤ እንዲንቀሳቀስ አድርጎ ማሳየትም ይችላል። ማሰብን፣ መናገርንና መኖርን ሊሰጠው ግን አይችልም። ሠሪው ቀድሞ ያለውን ነገር ይለውጣል፤ ፈጣሪ ካለመኖር ወደ መኖር ያመጣል። ልጅ በፊልም ፍቅር ሲመሰጥ ይህን ልዩነት ቀስ ብሎ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ልጁም ይገባዋል፤ እንዲያውም ከትልቅ ሰው ይልቅ ቶሎ ይገባዋል።

ክሎኪ ለልጆች ያለውን ርኅራኄ ከየት እንዳገኘው ሲጠየቅ ልጅነቱን ማየት ግድ ይላል። በ1921 ዲትሮይት ውስጥ ሲወለድ የአባቱ ስም ፋሪንግተን ነበር። ወላጆቹ ተለያዩ፤ ገና ልጅ ሳለም አባቱ በመኪና አደጋ ሞተ። ወደ እናቱ ቢሄድም የእንጀራ አባቱ አልፈለገውምና ቤት የሌላቸው ልጆች ወደሚያድጉበት ስፍራ ገባ። ዕድሜው 11 ዓመት ገደማ ሲሆን በክሌርሞንት የሙዚቃ መምህርና የዜማ ደራሲ የነበረው ጆሴፍ ክሎኪ ልጁ አድርጎ ወሰደው። ስሙን ሰጠው፤ ሥዕልንና ፊልምን አስተማረው፤ ይዞት ተጓዘ። ዛሬ ዓለም አርት ክሎኪ ብሎ የሚያስታውሰው በዚህ በተሰጠው ስም ነው።

ስለ ልጅነት ጸጋ ስናስተምር ብዙ ጊዜ ቃሉ በጆሯችን አልፎ ይሄዳል። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 8 እና በገላትያ ምዕራፍ 4 እግዚአብሔር ልጆቹ እንዳደረገን፣ አባ ብለን የምንጠራበትንም መንፈስ እንደ ሰጠን ያስተምራል። በባሕርዩ የአብ ልጅ አንዱ ወልድ ብቻ ነው፤ እኛ በጸጋ፣ ከውሃና ከመንፈስ ቅዱስ በመወለድ ልጆች ሆንን። ልጅነት በጸጋ ማለት ያልነበረንን ስም፣ ቤትና ርስት ማግኘት ነው። ደጅ ላይ ቆሞ የነበረ ልጅ ገበታ ሲቀርብለት ምን እንደሚሰማው ክሎኪ በሥጋው አውቆታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የገምቢ ራስ በአንድ ወገን ከፍ ብሎ ያዘነበለ ነው። ክሎኪ ይህን ቅርጽ የወሰደው ከወላጅ አባቱ ከቻርልስ ፋሪንግተን የወጣትነት ፎቶግራፍ ነው፤ አባትየው በፎቶው ላይ ፀጉሩ በአንድ በኩል ተነሥቶ ይታያል። አዲስ አባት ማግኘቱ የሞተውን አባቱን አላስረሳውም። እናትና አባትን ማክበር ከሞታቸው በኋላም አይቋረጥም፤ ቤተ ክርስቲያናችን በ40ኛው ቀን፣ በሙት ዓመትም ያንቀላፉትን ስማቸውን ጠርታ የምታስበው ስለዚህ ነው። ይህ ሰው አባቱን በጭቃ አሰበው፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ፊትም አቆመው። እኔ ከሥራው ሁሉ ይህን አብልጬ እወዳለሁ።

አርት ክሎኪ በኮነቲከት፣ በሃርትፎርድ መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ለአገልጋይነት መማር ጀምሮ ነበር። ከዚያ ወጥቶ ሃይማኖታዊ ፊልም ወደ መሥራት አዘነበለ። የአሜሪካ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን «ዴቪና ጎልያድ»ን ከእርሱና ከባለቤቱ ከሩት ጋር ስትሠራ ያ ምኞቱ ተፈጸመ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በቴሌቪዥን የታየው ይህ ተከታታይ ፊልም ክፍሎቹ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳሉ። ዴቪ ተራ ልጅ ነው፤ ይዋሻል፣ ይሰንፋል፣ ይቀናል። ጎልያድ ውሻው ነው፤ ሲናገር የሚሰማው ዴቪ ብቻ ነው።

አባቶቻችን ሕገ ልቡና የሚሉትን አስታውሱ። ሕግ በጽላት ሳይጻፍ እነ ሄኖክና እነ አብርሃም በዚህ ሕግ ተመሩ። ሮሜ 2፥15ም ሕሊና በውስጣችን እንደሚመሰክር ያስተምራል። ለስድስት ዓመት ልጅ ይህን በቃል ማስረዳት ይከብዳል። ቀስ ብሎ «እንጃ ዴቪ» የሚል፣ ሌላው የማይሰማው ወዳጅ ሲያይ ግን ልጁ ያውቀዋል፤ በእርሱም ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ አለና። ጎልያድ አይጮኽም፤ ዴቪ ባይሰማውም ጥሎት አይሄድም። ከክፍሎቹ አንዱ ነጠብጣብ ክራባት ስላሰረ ልጆች ስላገለሉት እንግዳ ልጅ ይናገራል። በ1960ዎቹ አሜሪካ በዘር በምትናጥበት ጊዜም ዴቪ ጆናታን የሚባል ጥቁር ጓደኛ ነበረው፤ አብረው ይጫወቱ ነበር። ዘረኝነትን በስብከት ከመውቀስ ይልቅ ወዳጅነትን ለልጅ ዓይን ማሳየትን መረጡ። እኔም ለልጅ የሚበጀው ይህ ነው እላለሁ።

በ1967 ስለ ትንሣኤ የተሠራው ልዩ ክፍል ደግሞ ከባዱን ነገር ነካ፦ የዴቪ አያት በድንገት ትሞታለች። ልጁ ያዝናል፤ ማንም ኀዘኑን አይነጥቀውም። የትንሣኤውን ተውኔት ልምምድ ሲያይ ክርስቶስ ሞትን እንዳሸነፈ ቀስ በቀስ ይረዳል። በቤታችን ለቅሶ ሲሆን ልጆችን ወደ ጎረቤት የምንልክ ብዙዎች ነን። ልጁ ግን ያያል፤ ይጠይቃልም። ሐዋርያው በ1ኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 4 ኀዘንን አልከለከለም፤ ተስፋ የሌለውን ኀዘን ከለከለ እንጂ። ልጅ አያቱ አልጋ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ትንሣኤ እንዳለ ሲነገረው፣ ሲያለቅስም ሲፈቀድለት ይህን ትምህርት በሚችለው መጠን ይቀበላል።

አንድ ጥያቄ ቀርቷል፤ የተማሩ ሰዎችም ይጠይቁታል። ክሎኪ በኋለኛው ዘመኑ ወደ ምሥራቅ ፍልስፍና አዘነበለ፤ ሕንድ ሄዶም የሳትያ ሳይ ባባ ተከታይ ሆነ። እንዲህ ያለውን ሰው በመልካም ማሰብ ይገባል? ሃይማኖታችን በዚህ ግልጽ ናት፤ ከክርስቶስ በቀር መዳኛ የለም፤ ይህን ማለዘብ አይገባንም። ነገር ግን የነፍስ ፍርድ ለእኛ አልተሰጠም። ያዕቆብ 1፥17 በጎ ስጦታ ሁሉ ከላይ እንደሆነ ያስተምረናል። ልጆችን በየዋህነት ማስተማር በጎ ስጦታ ነው፤ ስለዚህ ሰጪውን እናመሰግናለን። የተቀባዩን መንገድ ግን አንመዝንም፤ ወላጆቹን አጥቶ የነበረውን ያን ልጅ ደጁን ከፍቶ ያስገባው፣ ኋላም የልቡን ሁሉ የሚያውቀው እግዚአብሔር ነውና፣ ለምሕረቱ እንተወዋለን።