የቆቃ ሐይቅና ያልተከፈለው ሂሳብ

በአንድ ፋብሪካ የሂሳብ መዝገብ ላይ የጥሬ ዕቃ፣ የደመወዝ፣ የመብራትና የባንክ ወለድ ወጪ በየመደቡ ይሰፍራል። ወደ ወንዝ የተለቀቀ ፍሳሽ ግን በአንዱም መደብ ውስጥ አይገኝም። ለመሆኑ ይህ ወጪ የት ይገባል? ማንስ ይከፍለዋል? ከሞጆ ተነስቶ ወደ ቆቃ የሚወርደውን ውሃ የተከተለ ሰው መልሱን አያጣውም።

የቆቃ ግድብ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን፣ የተተከለለት የማመንጨት አቅምም 43 ሜጋ ዋት ያህል ነው። ከግድቡ ጀርባ የተኛው ሐይቅ ግን ከመብራትም ሌላ ብዙ ሥራ አለበት። ዓሣ አጥማጁ ቆሮሶና አምባዛ ያወጣበታል። ከግድቡ በታች አዳማ ከተማ የአዋሽን ውሃ አጣርታ ትጠጣለች፤ የወንጂና የመተሐራ ሸንኮራ አገዳም ከዚሁ ወንዝ ይጠጣል።

ሐይቁ የሁሉም መጠጫ የመሆኑን ያህል የሁሉም መድፊያም ነው። የአዲስ አበባ ፍሳሽ በአቃቂ ወንዝ፣ የቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በሞጆ ወንዝ፣ ከደጋው የተሸረሸረው አፈርና የማዳበሪያ ትራፊ ደግሞ በአዋሽ እየመጣ እዚያው ይከማቻል። ስለሆነም ለሐይቁ መበከል አንዱን ፋብሪካ ብቻ ነጥሎ መውቀስ አይቻልም። ‹‹ሌላውም ይደፋል›› የሚለው ምክንያት ግን የማንንም ዕዳ አይሰርዝም።

ውጫዊ ወጪ

የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች አንድ አምራች ፈጥሮት ሌላው የሚከፍለውን ወጪ ‹‹ውጫዊ ወጪ›› ይሉታል። ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ፋብሪካ የፍሳሽ ማጣሪያውን ዘግቶ በዓመት 2 ሚሊዮን ብር አተረፈ እንበል። ዓሣ አጥማጁ ግማሽ ባዶ መረብ ይዞ ይመለሳል። እናት ልጇን ሐኪም ቤት ትወስዳለች። የከተማው ውሃ አገልግሎት ተጨማሪ የማጣሪያ ኬሚካል ይገዛል። የእነዚህ ሁሉ ወጪ ቢደመር ከ2 ሚሊዮን ብር ሊበልጥ ይችላል። ፋብሪካው አተረፈ የተባለው ገንዘብ እንግዲህ ከጎረቤቱ ኪስ የወጣ ነው ማለት ነው።

በቆቃ ይህ ወጪ በዓይን የሚታይበት ወቅት አለ። ከፍሳሽና ከማዳበሪያ የሚመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ማይክሮሲስቲስ የተባለውን ደቂቅ ፍጡር ይመግባል፤ እሱም ሲራባ የሐይቁን ገጽ አረንጓዴ ቀለም ያለብሰዋል። የሚያመነጨው መርዝ ጉበትን የሚጎዳ ሲሆን፣ ውሃውን አፍልቶ መጠጣት መርዙን አያጠፋውም። እንቦጭ አረምም ቢሆን በአገራችን መታየቱ ከተመዘገበባቸው የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1965 ይኸው ቆቃ ነበር።

ቦይ የሚገባው ገንዘብ

ቆዳ ሲለፋ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ፀጉሩ ይረግፋል፤ ቀጥሎም አብዛኛውን ጊዜ በክሮም ጨው ይዘጋጃል። በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚይዘው ከገባው ክሮም ከ60 እስከ 70 በመቶውን ያህል ነው። ቀሪው ከውሃው ጋር ይወጣል።

እዚህ ላይ ነጋዴ ቆም ብሎ ማስላት ይገባዋል። 1,000 ኪሎ ክሮም ገዝቶ 650 ኪሎ ብቻ ቆዳው ላይ ከቀረ፣ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ 350 ኪሎ ኬሚካል ወደ ቦይ ሄዷል። አንዱ ኪሎ 100 ብር ቢሆን 35,000 ብር ፈሰሰ ማለት ነው። ይህን መልሶ መያዝ አስቸጋሪ ጥበብ አይደለም። የክሮሙ ፍሳሽ ከሌላው ፍሳሽ ተለይቶ ይጠራቀማል፤ በማግኒዝየም ኦክሳይድ እንዲዘቅጥ ይደረጋል፤ ዝቃጩ በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ እንደገና ለሥራ ይውላል። ማጣሪያ ሁልጊዜ ኪሳራ ነው የሚለው አነጋገር እንግዲህ ሙሉ እውነት አይደለም።

ገዢው መጠየቅ ሲጀምር

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የቆዳ ገዢ የሚጠይቀው ጥራትና ዋጋ ነበር። አሁን ጥያቄው ጨምሯል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከሰውነት ጋር የሚነካካ የቆዳ ዕቃ በኪሎ ከ3 ሚሊ ግራም ያላነሰ ክሮም ስድስት ከተገኘበት ገበያ ላይ እንዳይውል ከልክሏል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው ሌዘር ወርኪንግ ግሩፕም የቆዳ ፋብሪካዎችን የውሃ፣ የኬሚካልና የፍሳሽ አያያዝ እየመረመረ ደረጃ ይሰጣል።

ጉዳዩ ከጫማ ገዢዎችም አልፎ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ዘንድ ደርሷል። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ለአዳዲስ የስልክ ሽፋንና የሰዓት ማሰሪያ ምርቶቹ ቆዳ መጠቀም ማቆሙን አስታውቋል። ምክንያቱን ሲገልጽ የጠቀሰው የቆዳን የካርቦን ልቀት ነው። ይህ ሲባል ከሞጆ የወጣ ቆዳ እዚያ ይሸጥ ነበር ማለት አይደለም። ትምህርቱ ግን አንድ ትልቅ ገዢ በአካባቢ ጉዳይ በአንድ ቀን ውሳኔ ለአንድ የምርት ዓይነት ገበያውን ሊዘጋ መቻሉ ነው።

ትልልቆቹስ ራሳቸው ንጹሕ ናቸው? ማይክሮሶፍት በ2030 ከሚለቀው ካርቦን የሚበልጥ መጠን ከአየር እንደሚያስወግድ እ.ኤ.አ. በ2020 ቃል ገብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት ግን ልቀቱ ከ2020 ወዲህ 29 በመቶ ያህል ከፍ ማለቱን ገልጿል። ጉግልም በዚያው ዓመት ሪፖርቱ ልቀቱ ከ2019 ጋር ሲነጻጸር በ48 በመቶ ማደጉን አምኗል። ጭማሪው በአብዛኛው የመጣው ከኮምፒዩተር ማዕከሎች መስፋፋትና ከአቅራቢዎች ነው። ተስፋውና ውጤቱ ለየቅል ሆነዋል። ሆኖም ልዩነቱ ሊታወቅ የቻለው ቁጥሩ ተለክቶ በይፋ በመውጣቱ ነው። ፍሳሹን የማይለካና የማይገልጽ ፋብሪካ ግን መበላሸቱም መሻሻሉም አይታወቅለትም።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። አቤቱታ ለማቅረብም የግል ጥቅም መነካቱን ማስረዳት እንደማያስፈልግ በአዋጁ ተመልክቷል። ሕግ በወረቀት ላይ መኖሩ ግን ብቻውን ውሃ አያጠራም። ናሙና የሚወስድ፣ ውጤቱን የሚገልጽና ቅጣቱን የሚያስፈጽም ያስፈልጋል። ቅጣቱ ከማጣሪያው ወጪ ካነሰም ፋብሪካው ቅጣቱን ከፍሎ መበከሉን ይመርጣል።

አነስተኛ ፋብሪካዎች የማጣሪያ ወጪ ለየብቻቸው ሊከብዳቸው ይችላል። ለዚህ የሚመከረው መንገድ ተሰባስቦ የጋራ ማጣሪያ መገንባት ነው። በሞጆ የታቀደው የቆዳ ከተማም የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

በቆቃ ዳር ‹‹የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው›› የሚለው ተረት ለአዋሽም ሠርቷል፤ ሐይቅ አጠገብ ተቀምጦ የሚጠጣ ውሃ ፍለጋ የሚሄድ ሰው አለ። የማጣሪያውን ወጪ አድናለሁ የሚል ባለፋብሪካም ገዢውን ሲያጣ የሚደርስበት ሌላ ሳይሆን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴት ዕጣ ነው።