የአንዱን በደል በወገኑ ሁሉ ላይ ስላለመጫን

ግፍ በተሠራ ጊዜ የሠራው ሰው በስሙ ተለይቶ በሕግ ሊጠየቅ ይገባል። ቍጣ ሲያይል ግን ልብ ከአንዱ ሰው ወደ ወገኑ ሁሉ ይሻገራል፤ ያን ጊዜ ፍርድ መሆኑ ቀርቶ በቀል ይሆናል።

ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 34 እንደሚነግረን፥ የያዕቆብን ልጅ ዲናን ያስነወራት የኤሞር ልጅ ሴኬም ነበረ። ስምዖንና ሌዊ ግን ስለ እርሱ የከተማይቱን ወንድ ሁሉ በሰይፍ ፈጁ። የእኅታቸው በደል እውነተኛ ነበረ፤ ሆኖም አባታቸው በሚሞትበት ጊዜ ቍጣቸውን ረገመ እንጂ አልመረቀም። እንግዲህ የበደሉ እውነተኛነት የበቀሉን ስፋት አያጸድቅም። ያዕቆብና ዮሐንስም ጌታን ባልተቀበለችው የሳምራውያን መንደር ላይ እሳት ይወርድ ዘንድ በጠየቁ ጊዜ ተገሠጹ (ሉቃ. 9)። በሚቀጥለውም ምዕራፍ ጌታ የርኅራኄ ምሳሌ አድርጎ ያቆመው ከዚያው ወገን የሆነውን ሰው ነው።

ይህ ነገር በዘመናችንም ደርሷል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ በቤተ ክርስቲያን እሳት ታየ መባሉን ተከትሎ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆችም ተዘረፉ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ በአንድ ሼህ ቀብር ላይ በተነሣው ጠብ ሙስሊሞች ተገደሉ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም እጅግ ርቆ ባለው በስልጤ፥ በወራቤ፥ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የወራቤው ምእመን በጎንደር ማንን ገደለ? ሱቁ የተዘረፈበት የሞጣ ነጋዴስ የትኛውን እሳት ለኰሰ? ሁለቱም በሥራቸው ሳይሆን በሚጠሩበት ስም ተቀጡ። በእኛ ላይ ሲደርስ ግፍ የምንለውን፥ እኛ ስናደርሰው መንፈሳዊ ቅንዓት ልንለው አይቻለንም።

የጎንደር፥ የባሕር ዳርና የደብረ ታቦር መንገዶች በሚገናኙባት በወረታ ወሬ ፈጥኖ ይደርሳል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያለብሱ የማን ማሳ እንደሚሰጥም አይመርጡም። ቍጣም እንዲሁ ነው፤ ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ የሚመልሰው የለም፤ ስለዚህ መገደብ የሚገባው አስቀድሞ ነው።

ይህም በተለይ የንስሐ አባቶች ሥራ ነው። የንስሐ ልጃችን በወሬ ነድዶ ሲመጣ ሦስት ነገር እንጠይቀው፦ ያደረገው ማን ነው? በዓይኑ ያየ ማን ነው? አንተ ልትነካው ያሰብኸው ጎረቤትህስ በዚያ ነበረን? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ካጣ፥ እጁን ይሰብስብ፤ ለተጎዱት ያልቅስ፤ ከቻለም ከጎረቤቱ ደጅ ቆሞ ይጠብቀው። ምእመናንም ሆይ፥ በዕለተ ፍርድ የምንጠየቀው እያንዳንዳችን በገዛ ሥራችን ነውና፥ ለራሳችን የምንለምነውን ፍርድ ለባልንጀራችን አንንፈገው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።