በሉተራውያን ዘንድ ስለ ማዕድ አንድነት

ሥርዐት በየአገሩ ቢለያይ አንድነትን አያፈርስም፤ የሃይማኖት ልዩነት ግን ከቅዱስ ቍርባን ማዕድ ይለያል። ችግሩ አንዱን ነገር ከየትኛው ወገን እንቍጠረው የሚለው ነው። ሉተራውያንን የለያያቸውም ይኸው ነው።

እነርሱ የእምነታቸውን ቃል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1530 ዓ.ም. በአውግስቡርግ አቀረቡ። በሰባተኛው አንቀጽ ለቤተ ክርስቲያን አንድነት በወንጌል ትምህርትና በምሥጢራት አፈጻጸም መስማማት እንደሚበቃ፣ ሰው የሠራው ሥርዐት ግን በየስፍራው አንድ ይሆን ዘንድ ግድ እንዳይደለ ጻፉ። ቃሉን ሁሉም ይቀበሉታል፤ ክርክሩ በመጠኑ ላይ ነው። በአሜሪካ ያለው የሚዙሪ ሲኖዶስ በትምህርት ሁሉ መስማማትን ይጠይቃል፤ የዓለም ሉተራውያን ፌዴሬሽን ግን በ1984 እ.ኤ.አ. በቡዳፔስት ጉባኤው አባሎቹ በስብከትና በቍርባን አንድ መሆናቸውን ወሰነ።

በ1951 ዓ.ም. በአገራችን የተቋቋመችው መካነ ኢየሱስ በዚሁ ፌዴሬሽን ውስጥ ገባች። በ2009 እ.ኤ.አ. የስዊድን ቤተ ክርስቲያን የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ለመፈጸም ወሰነች፤ የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራዊት ቤተ ክርስቲያንም እንዲህ ባለ ኑሮ ያሉትን ለአገልግሎት ፈቀደች። መካነ ኢየሱስ ግን በ2005 ዓ.ም. በጠቅላላ ጉባኤዋ ከሁለቱ ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች፤ አገልጋዮቿም ከእነርሱ እንዳይቈርቡ፣ እንዳያቈርቡም አዘዘች። የስዊድን ወንጌላውያን ከመጀመሪያ መምህራኖቿ ወገን እንደ ነበሩ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ የጠነከረው ሉተር ጋብቻን የዚህ ዓለም ጉዳይ ብሎ ስለ ነበር፣ ተከታዮቹም ከምሥጢራት ስለማይቈጥሩት ነው። ስለዚህ አንዱ ወገን ልዩነቱ ማዕድ አይከለክልም ሲል፣ ሌላው የመጽሐፍ ቃል ተሽሯል ይላል። እኛ ተክሊልን ከሰባቱ ምሥጢራት የምንቈጥር ነንና በዚህ በር አንገባም።

በሌላ በር ግን ገብተናል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ሊቃውንቱን ሲሰበስቡ ክርክሩ ስለ ጌታ ልደት ስለ ነበር የሃይማኖት መሆኑን የተጠራጠረ አልነበረም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በትግራይ አባቶችና በቅዱስ ሲኖዶስ መካከል የተነሣው መለያየት ግን ከጦርነቱ ኀዘን የመጣ እንጂ የእምነት ቃል የተለወጠበት አይደለም። እዚህ በመቐለም፣ በአዲስ አበባም የሚነበበው ሃይማኖተ አበው፣ የሚቀደሰውም ቅዳሴ አንድ ነው።